ለዘር የሚቀረው ኮክ

አያቴ ቡታጅራ ባለው ጓሯችን ኮክ ሲለቀም ከየዛፉ ቀምሰው፣ ከሁሉ በጣፈጠው ላይ ቃጫ ያስሩ ነበር። የታሰረበት ዛፍ ፍሬ ለዘር ነው፤ ገበያ አይወጣም።

«አባባ፣ ጎምዛዛውን ማን ይገዛኛል?» ትላቸው ነበር እናቴ።

«ምርጡን ሸጠሽ ጎምዛዛ ልትተክዪ? ጃንሆይ ቢልኩብኝም አልሰጥ!»

ከአንድ ዛፍ ዘር የበቀሉትም ግን እኩል አልጣፈጡም። ተስፋ ቆርጠው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «አንተና ወንድምህስ ትመሳሰላላችሁ?» ብለው ሳቁና ከተሻለው ዘር እንደገና ተከሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ አደረጉ።

ካረፉ ወዲህ የዘንድሮው ለቀማ የመጀመሪያው ነው። እናቴ ቅርጫቷን ይዛ፣ «የትኛውን ለዘር እናስቀር? በስህተት ከሸጥነው የአባባ ድካም ገደል ገባ» አለችኝ። እሳቸው ይቆሙበት በነበረው ቦታ ቆሜ ከየዛፉ ቀመስኩ። ጎምዛዛ አጣሁ፤ መምረጥም አቃተኝ።