መካኒኩን ከኋላዬ የጫንኩ ቀን

አሰብ ከአዲስ አበባ በሚመጡ ከባድ መኪኖች በምትጨናነቅበት ዘመን እኔ ሥራ የምመላለሰው በአሮጌ ሞተር ሳይክል ነበር። ንዝረት የሚያበርደው የኋላው አሞርዛተር ደክሞ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ወገቤን ሲቆርጠኝ ወደ ሰፈራችን መካኒክ ወሰድኩት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እንኳን አላየውም። ጋራዡ በር ላይ ሻይ በሚጠጡት ሾፌሮች ፊት፣ "እትዬ፣ ሞተሩ ደህና ነው፤ እርስዎ ክብደት ይቀንሱ" አለኝ። ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ።

አንድ ሾፌር ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ ጠንከር ያለ አሞርዛተር አመጣልኝ። የባሕሩ ጨው ብሎኖቹን በዝገት ስላጣበቃቸው ሁለት ቀን ናፍጣ እያጠጣሁ አላላኋቸው። ከዚያ የሞተሩን ኋላ በጭነት ገመድ ከጓሮዬ ዳስ ወጋግራ ላይ አንጠልጥዬ፣ ብረቱ በፀሐይ ሳይግል፣ በማለዳ አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን አሰርኩ። እያንዳንዱን ብሎን ሳጠብቅ የመካኒኩን አንገት የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ጋራዡ በር ላይ ሄጄ ቆምኩና መካኒኩን ጠራሁት።

"ባለሙያ አይደለህ? ና ፈትሸው።"

መሪውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

"የለም፣ አንተ ከኋላ ነህ።"

ሾፌሮቹ እያዩት እምቢ ማለት ስላልቻለ ቦርጩን ይዞ ከኋላዬ ወጣ። ጉድጓድ እየመረጥኩ ነዳሁ። ሞተሩ ሁለታችንንም ተሸክሞ አንዴም እስከ ታች ቁጭ አላለም። ሾፌሮቹ ፊት ስንደርስ ጮክ ብዬ፣ "እንግዲህ ማናችን እንቀንስ?" አልኩት።

"ይበቃል እትዬ፣ ያውርዱኝ" አለኝ ቀስ ብሎ።

አንዱ ሾፌር ፊቱን ሲታጠብ ስላላየን፣ ለእሱ ስል አንድ ዙር ደገምኩ።