ለወርቅቱ ያልተለቀቀው ዕጣ

የሱሉልታ ሜዳ ገና የድርቆሽ ክምር የሚታይበት በነበረ ጊዜ፣ በቀለች የምትባል ወተት ሻጭ ጎረቤታችን ነበረች። ገንዘብ እጇ ላይ አይበረክትም ነበር። ዕቁብ በደረሳት ቁጥር የቸገረው ሰው «ዕጣሽን ልቀቂልኝ» ካላት ትለቅና የእርሱን ተራ ትጠብቃለች።

በ2008 ዓ.ም. መግቢያ የወተት ማኅበሩ የቁጠባ ሥልጠና ሰጠ። በቀለችም የባንክ ደብተር አወጣች። «መጀመሪያ ቆጥቡ፣ የተረፈውን አውጡ» የሚለውን የአሠልጣኟን ቃል እንደ ዳዊት ደገመችው። ቀድሞ የገባ ብር ቀድሞ እንደሚወልድም ገባት።

ወዲያው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተነሣ። መንገዱ ተዘግቶ ወተቱ አዲስ አበባ ሳይደርስ ረጋ። የዕቁብ ጓደኛዋ የወርቅቱ ልጅ መገርሳም ከሌሎች ወጣቶች ጋር ተያዘና የዋስ ገንዘብ ተጠየቀበት። በዚያው እሑድ ዕጣው ለበቀለች ወጣ።

«በቀለች፣ እባክሽ ልቀቂልኝ። ለልጄ ዋስ ነው» አለች ወርቅቱ፣ በሰው ፊት።

«ባንክ ላስገባው ነው፣ እህቴ። ሥልጠናው ላይ አብረን አልነበርንም እንዴ?»

«ነበርን። እኔን መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ እንጂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የዕቁቡ ዳኛ ኦቦ ቦሩ ብቻ አልሳቁም።

«አዬ በቀለች! ሳትማሪ ትሻዪ ነበር» አሉ።

በቀለች ግን ብሩን ተቀብላ ሄደች።

ወርቅቱ ያላትን አንዲት ላም፣ ገበያ በጠፋበት ሰሞን፣ ለሰንዳፋ ነጋዴ በርካሽ ሸጠች። መገርሳ በዋስ ወጣ። በቀለች ከዚያ ወዲያ የወርቅቱን ባዶ በረት ላለማየት በሌላ መንገድ ትዞር ጀመር። መንገዱ ሲከፈት ያስቀመጠችውን ሁሉ አውጥታ ሰንዳፋ ወረደች፤ ነጋዴው የጠየቃትን ከፍላ ላሚቱን እየነዳች ተመለሰች።

«እንኪ ላምሽን፤ ይቅር በዪኝ» አለቻት።

ወርቅቱ የላሚቱን አንገት አሻሸች። «ይቅር ብያለሁ። ላሟ ግን በገንዘብሽ የተገዛች ያንቺ ናት። ውሰጃት።»

በቀለች ብትለምን፣ ሽማግሌ ብትልክ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ወርቅቱ በየማለዳው ጣሳዋን ይዛ በበቀለች ደጅ ትቆማለች።

«አካም ቡልቴ፣ በቀለች? ግማሽ ሊትር።»

በቀለች ሆን ብላ አትርፋ ትቀዳለች። ወርቅቱ ጣሳዋን አይታ ትርፉን መልሳ ትገለብጣለች።

«ይኼ ያንቺ ነው፤ ቆጥቢው» ትላትና ሒሳቧን ከፍላ ትሄዳለች።