ግማሹ የተቆረጠ ፀጉር

ከዚህ በፊት ስለ ሰው ጽፌ አላውቅም፤ ካበላሸሁ ይቅርታ። ሰውየውን ያወቅሁት የጃኬቴ ዚፕ ተበላሽቶ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፣ ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ናት። እሱ ዚፑን ሲያይ እኔ ጭንቅላቱን አየሁ። በቀኝ በኩል ፀጉሩ ጥንቅቅ ብሎ ተቆርጧል፣ በግራ በኩል ጆሮውን ሸፍኖታል። አፌን መያዝ አቃተኝና ጠየቅሁት። መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ነገረኝ።

ጓደኞቹ "እንጨምር" ብለው ነው የሚጠሩት። ሃያ ዓመት ከስፌት መኪና ኋላ ተቀምጦ ወገቡ ሲያስቸግረው ሐኪም ተንቀሳቀስ አለው። እሱ ግን ተራራ መውጣት ጀመረ። አንዱን ሲጨርስ "ያቺንም እንጨምር" ይላል። ከጥቂት ወራት በፊት የሚስቱን ታናሽ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ አሮጌ መኪናው ውስጥ ከትቶ ለአምስት ቀን ይዞት ወጣ። የተባለው አንድ ተራራና አንድ ገደል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለት ተራራና ሦስት ገደል ሆኗል።

ፀጉር አስተካካዩ ሰው አክባሪ ነው፤ እምቢ ማለት አይሆንለትም። በዚያው ቀን ጠዋት ጣቶቹ አብጠው የውሃ ጠርሙስ መክፈት አቃተው። ልብስ ሰፊው ከፈተለትና፣ ከመቀስ ሌላ ነገር ይዘህ አታውቅም መሰለኝ ብሎ ሳቀበት። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ አለቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ልብስ ሰፊው ከታች ገመዱን ይዞ አንድ እርምጃ ብቻ፣ አንድ ብቻ ይለው ነበር። ያኔ የልጁ ጣት ጧ አለ። ወፍራም ክር ሲበጠስ እንዴት እንደሚል ልብስ ሰፊ አይስተውም።

እስከዚህ ያለውን ወዲያው ለሁሉም ተናግሯል። ሁለት ወር የዋጠው ቀጥሎ ያለውን ነው። ፀጉር አስተካካዩ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ "ጋሼ፣ እንመለስ። ይሄ ጣት ደህና አይደለም" ብሎት ነበር። እሱ ግን ነገ ይሻልሃል፣ አንዲት ፏፏቴ አለች፣ መንገዳችን ላይ እኮ ናት አለው። መንገዳቸው ላይ አልነበረችም። አንድ ቀን ተኩል በላች።

ሐኪሙ፣ በዕለቱ መጥታችሁ ቢሆን ጅማቱን እንሰፋው ነበር አለ። የፀጉር አስተካካዩ የቀለበት ጣት አልታጠፍ ብሎ ቀረ። እህቱ ለምን ቶሎ አልመጣህም ስትለው፣ አላመመኝም ነበር አላት። ልብስ ሰፊው አጠገባቸው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። የታሰረ ክር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ "ለወንድሜ እንዴት ትጨነቅለታለህ" ባለችው ቁጥር ሥራ አለኝ ብሎ ከማዕዱ ይነሳል።

መቀሱ ከፀጉር አስተካካዩ እጅ እየወደቀ ሲያስቸግር፣ ደንበኞቹ ሌላ ቀን እንመጣለን እያሉ ማዶ ወዳለው ፀጉር ቤት ሄዱ። ልብስ ሰፊው ከቆዳ ትንሽ ማቀፊያ ሰፍቶ መቀሱን ከመሃል ጣቱ ጋር አያያዘለት። መሞከሪያ ጭንቅላት ሲጠፋ ራሱ ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሚስቱም ልታይ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ቀኝ ጎኑ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። በመስታወቱ ውስጥ የልጁ ግንባር ላብ ሲያወርድ፣ ከንፈሩን ነክሶ ከመቀሱ ጋር ሲታገል ያያል። ልብስ ሰፊው ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻለም።

"ነግሮኝ ነበር" አላት ሚስቱን፣ በመስታወቱ ውስጥ እያያት። "እንመለስ ብሎኝ ነበር። ፏፏቴ ካላየን ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሚስቱ ተነሳች። መጥረጊያ አንስታ የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ጀመረች። እግሩ ጋ ስትደርስ እስኪያነሳላት አልጠበቀችም፤ ጫማውን አብራ ጠረገችው።

"ተናግረህ ጨረስክ?" አለው ፀጉር አስተካካዩ። "እንግዲያው አትነቃነቅ፣ ጆሮህን እቆርጠዋለሁ።"

ጣቶቹ ግን ዝለው መቀሱ አልዘጋ አላቸው። ልብስ ሰፊው ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ።

"ይብቃህ። ግራውን ሌላ ቀን።"

"አንድ ጎን እኮ ነው የቀረው ጋሼ። እንጨምር እንጂ" አለው፣ ሳይስቅ።

"ይብቃህ።"

እኔ ሳገኘው ፀጉሩ ግማሹ ከተቆረጠ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ግራውን ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈልግም። ሚስቱ እስካሁን ከእሺና ከእምቢ በላይ አታናግረውም፤ የእጄን ነው ያገኘሁት ይላል።

የልጁ ፀጉር ቤት ከዳቦ ቤቱ ጎን ነው፣ አረንጓዴ በር ያለው። እባካችሁ ሂዱ፣ የማትቸኩሉበትን ቀን መርጣችሁ። እኔ ሄጃለሁ፤ ፀጉሬ ከኋላ ትንሽ ተዛንፏል፣ ግን ማንም አልሳቀብኝም። እጁ ሲደክም ካያችሁ ይብቃ በሉት፣ እሱ አይልም።