በካፖርት ቁልፍ ቀዳዳ የታሰረው ሾፌር

የዘመሮ ገበያ ገና መሙላት ሲጀምር ነው... ከመታጠፊያው በኩል ጓ የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል ቢስክሌት አየር ላይ ነበረች።

ቢስክሌቷ የልብስ ሰፊው የተሰማ ናት። የመታው የመሥሪያ ቤት መኪና ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ሲመጣ መንገድ የሚለቀው ሰው ነበር እንጂ መኪናው ለሰው አይለቅም።

ተሰማ ጠጠሩ ላይ ወድቋል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ከመኪናው ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ ሾፌሩና ከላይ የመጣ ኃላፊ። ሾፌሩ ወደ ተሰማ ሊሮጥ ሲል ኃላፊው ክንዱን ያዘው። ስብሰባ አለብኝ፣ ስንመለስ እናየዋለን አለ። ቢስክሌተኛው ራሱ ነው የገባብን ብሎም ጨመረ።

መንገድ ዳር የተቀመጥነው ሁላችን አይተናል። መኪናው መንገዱን ስቶ በተሰማ በኩል ነው የመጣው። ግን ማንም አልተነፈሰም። ያ መኪና ከሄደ እንደማይመለስም ሁላችን እናውቃለን።

የተሰማ ሚስት ደብሪቱ ጨው ከምትሸጥበት ጥላ መጣች። ባሏን አየችው። አላለቀሰችም። ቃሬዛ አምጡና ጤና ጣቢያ አድርሱት አለች። አብራ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ... እሷ ወደ መኪናው ሄደች።

ሾፌሩ አንድ እግሩን አስገብቷል።

«በሕግ አምላክ፤ ቁም።»

ቆመ። የነጠላዋን ጫፍ በካፖርቱ የቁልፍ ቀዳዳ አሳልፋ ቋጠረችው።

እኔ ይህን ያየሁት በልጅነቴ ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛ ብቻ ነው። የቀረ ነገር መስሎኝ ነበር... ደብሪቱ ከአባቷ ሰምታ ይዛው ኖሯል።

ኃላፊው ሳቀ። በጨርቅ ነው እኮ የታሰርከው፣ በጥሰህ ግባ አለው።

«ጨርቁንማ ሕፃንም ይበጥሰዋል» አለ ሾፌሩ። «ሕግ ተጠርቶብኝ ግን እንዴት ብዬ ነው የምራመደው?» ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «ይኸው ጌታዬ። ከቸኮሉ እርስዎ ይንዱት።»

ኃላፊው መንዳት አይችልም።

ጉዞ ተጀመረ። ፊት ደብሪቱ፣ ጎኗ ሾፌሩ፣ ኋላ ኃላፊው ጫማውን ከጭቃ እየጠበቀ። በገበያው መሀል ስናልፍ አንድ የበግ ነጋዴ አፉን ከፈተ።

«ኧረ ሙሽሮች መጡ፤ እልል በሉ እንጂ።»

ደብሪቱ ዞር እንኳ ሳትል መለሰችለት።

«ሚዜ ጎድሎናል፤ ሲገጨው አይተህ የለ? ና መስክር።»

ሰውየው በጎቹን መቁጠር ጀመረ። እሷም ወደ እኔ ዞረች።

«አያ፣ አንቱስ?»

አይቻለሁ አልኳት፣ ዱላዬን ይዤ ተከተልኩ። ከኋላዬ ሦስት ሰዎች ተነሡ። አንድ ሰው ሲነሣ መነሣት የሚቀል ነገር ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ተረኛ የነበረው ልጅ ግራ ገባው። ቃላችንን ተቀበለና ሴትዮ፣ እኔ ይዤዋለሁ፣ አሁን ፍቺው አላት። ዳኛ ይፍታው አለች። ቢለምናት፣ ቢቆጣት... እንቢ። ሲሰለቸው ሁላችንንም ፍርድ ቤት ወሰደን።

ዳኛው ወጣት ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ካራቫት ያሰረ። ይስቃል ብዬ ነበር፤ እኔም የምመልስለትን አዘጋጅቼ ነበር። ቋጠሮውን አየው። ማን እንዳሰረው ጠየቀ፤ ነገረችው። ከወንበሩ ተነሥቶ ወረደና ጎንበስ ብሎ በገዛ ጣቱ ፈታው። ቋጠሮው መንገድ ላይ ጠብቆ ስለነበር ጊዜ ወሰደበት።

ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ። ኃላፊው ቀደም ብሎ ቢስክሌተኛው ድንገት ገባብን አለ። ዳኛው ሾፌሩን ጠየቀው። ሾፌሩ አዎ ቢል ኖሮ ሥራውም ደሞዙም በእጁ ነበር።

«የሱን መንገድ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኃላፊው መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ነገሩ በቀጠሮ ላይ ሳለ ሽማግሌዎች እኔ ቤት መጡ። ደብሪቱ አንተን ትሰማለች፣ ክሱን ትተው፣ እርቅ ይሁን አሉ። የላካቸው ማን እንደሆነ አልጠፋኝም። እኔን አትላኩኝ፣ ራሳችሁ ንገሯት ብዬ ወስጄ ደጇ አቆምኳቸው። ባሏ እግሩን በእንጨት ታስሮ መደብ ላይ ተጋድሟል። በአክብሮት ተቀበለቻቸው፣ ጠላም ቀዳችላቸው።

«ቤቴ ለሽማግሌ ዝግ አይደለም» አለች። «ግን ፍርዱ ይቅደም። ያልተፈረደ በደል ምን ብዬ ነው ይቅር የምለው?»

ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ተፈረደ። ሾፌሩ ታሰረ። ያመነ ሰው ነውና ዳኛው ቅጣቱን አቀለለት። በተፈታ ጊዜ ማንም ሳይልከው መጣ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንደ አገራችን ወግ። ያኔ ካስታረቁት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ተሰማ በክራንች እየተደገፈ ወጣና ድንጋዩን ራሱ አወረደለት። ደብሪቱ ሾፌሩን ግባ አለችው። ገባ።

ብዙ ጀግና ተብዬ አይቻለሁ፤ እነዚያን ሁለቱን የሚያህል ግን አላየሁም። አንዷ በጨርቅ ያሰረች፣ አንዱ በጨርቅ የታሰረ።

እስከ ዛሬ ለሽምግልና ና ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ተፈርዷል ወይ ብዬ ነው... አልተፈረደም ካሉኝ ጋቢዬን አላነሣም።