ጽዱ ላይ የቀረው ቅቤ

ፀጉሬን ለጋ ቅቤ ተቀብቼ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ፣ ቀልጦ ወደ አንገቴ መውረድ ሲጀምር፣ ያቺ ተከራያችን ትዝ ትለኛለች።

ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ የመጣች ነርስ ነበረች። እናቴ ጓሮ ያለውን ክፍል አከራየቻት። ጠዋት ጠዋት፣ የጭላሎ ተራራ ጉሙን ሳይገልጥ፣ ምንጣፏን ጓሮ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ታነጥፋለች። እጆቿን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ ታጎነብሳለች፣ በአንድ እግሯ ትቆማለች።

ከጎበሳ የመጣችው ጎረቤታችን በአጥር አይታት፣ "ለፀሐይ ነው የምትሰግደው" አለች።

እናቴም "ከንፈሯ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዪልኝ" ብላ ላከችኝ። እኔም ጠርጥሬያት ነበር። ልብስ የማሰጣ መስዬ ሦስት ቀን ከንፈሯን ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን ዘወር እንኳ ሳትል፣ "ሚጡ፣ ያ ቀሚስ እኮ ትናንትም ደርቆ ነበር" አለችኝ።

በኀፍረት መግቢያ አጣሁ። እሷ ግን ሳቀችና ጠራችኝ።

"ዮጋ ይባላል" አለችኝ።

"ጸሎት ነው?"

"መተንፈስ ነው። ነፍስም አየር ትፈልጋለች። ዛፉን እዪው፣ ማንንም ሳይፈራ ነው የሚቆመው።"

እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ አላውቅም ነበር። በአንድ እግሬ መቆም ሲያቅተኝ፣ "ጀርባሽንም ራስሽንም ጽዱ ላይ አስደግፊ፤ ይይዝሻል" አለችኝ። እናቴ ገበያ በሄደች ቁጥር ተደገፍኩ። ቅርፊቱ ይሻክራል፣ ሽታው ደስ ይላል።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ግንዱን በጣቷ ዳሰሰችው። ወዝቷል፤ ጉንዳን ወሮታል።

"አላልኩሽም? ይኸው፣ ዛፉን ቅቤ ቀብታዋለች።"

እናቴ ተከራይዋን ጠራቻት። "ልጄ፣ በእኔ ግቢ አድባር አይመለክም። ሌላ ቤት ፈልጊ።"

ተከራይዋ ወዙን አየችው። እሷ ረጅም ናት፤ ወዙ ከደረቷ አያልፍም። ቀጥላ ፀጉሬን አየች። ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩ።

"እሺ እትዬ" አለች።

በማግስቱ ባጃጅ መጣላት። ምንጣፏን ጠቅልላ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ቀስ ብላ፣ "አሁን ሳትደገፊም ትችያለሽ" አለችኝ።

እናቴ አዲስ ተከራይ ሲመጣ ዛሬም ያቺን "ባለ አድባር" እያነሳች ታስጠነቅቃለች። እኔ አጎንብሼ ሽሮዬን አማስላለሁ። ቤት ውስጥ ሰው ሲጠፋ ጽዱ ሥር ሄጄ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፤ ራሴን ግን አላስደግፍም።