የእንጦጦ በጋና የደረቀ ጉሮሮዬ

ሕመሙ የጀመረኝ በከንፈሬ ነው። ሁዳዴ እንደገባ፣ ማለዳ ጾመ ድጓ ልናደርስ ቆመን ሳለ ከንፈሬ ተሰነጠቀና ደሙ አገጬ ላይ ወረደ። ጓደኞቼ ደብተራዎች «የእንጦጦ አቀባበል ነው» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከይፋት ቆላ እንጦጦ ማርያምን ላገለግል መጥቼ ገና አንድ ክረምት ማሳለፌ ነበር፤ ያን ዝናብ የቻልሁ ሰው በጋውን ምን ብዬ እፈራለሁ?

በጋው ግን ሌላ ነው። ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፣ ቀን ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች፣ ነፋሱም ዛፉ ለቤትና ለማገዶ ባለቀበት ጋራ ላይ ያለ ከልካይ ይነፍሳል። ቆላ ሳለሁ ላቤ ሲወርድ መጠማቴን አውቅ ነበር። እዚህ ላብ የሚባል ነገር ስለሌለ ጥሙም አልተሰማኝም። እስከ ሠርክ ጾሜ እውላለሁ፤ ከዚያም እንጀራ በሽሮ እቀምስና፣ ብርድ ነው ብዬ ውሃውን በከንፈሬ ብቻ ነክቼ እተኛለሁ። ብርታት መስሎኝ ነበር።

በጾሙ እኩሌታ ሳል ያዘኝ። ደረቅ ሳል። ቀጥሎ ትኩሳት። ቀጥሎ የጎን ውጋት። ባለቤቴ ወለተ ማርያም ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ። አልለቀቀኝም። አንድ ጠዋት ልጠራት አፌን ከፈትሁ። ድምፅ የለም። እንጀራዬም ደስታዬም ድምፄ ነው። ፈራሁ።

ወለተ ማርያም ያስጠራቻቸው ሐኪም ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸውን ደረቴ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። የእጄን ቆዳ ቆንጥጠው ቢለቁት እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«ሳንባህ ተቆጥቷል፤ የደረቀው ግን ሁለመናህ ነው» አሉኝ። «ከማለዳ ጀምረህ ለብ ያለ ተልባ በማር ካልጠጣህ ድምፅህን እርሳው። ነፍስህም ታሰጋኛለች።»

ከማለዳ! ካህናቱ ጾመው ሲቆሙ እኔ ዋንጫ ላነሣ? ወለተ ማርያም ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ አለቀሰች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ የንስሐ አባቴን ይዛቸው መጣች። አባ ገና ከበራፉ ሳይገቡ «ማነው አንተን ሰማዕት ሁን ያለህ?» አሉ።

በጣቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠቆምሁ።

«ማርያም ደረቅ ጉሮሮ ምን ያደርግላታል? ፈትቼሃለሁ፤ ጠጣ ልጄ። የቀረብህን ጾም እኔ እጾምልሃለሁ።»

ተልባውን ከወለተ ማርያም ተቀብለው በገዛ እጃቸው አጠጡኝ። ጠጣሁ። አለቀስሁም።

ከዚያ ወዲያ ወለተ ማርያም ተልባውንና አብሹን እያፈራረቀች ስታጠጣኝ፣ ምድጃው ላይ የጣደችው ማሰሮ እንፋሎትም የጎጆውን ደረቅ አየር ሲያለዝበው፣ መጀመሪያ ትኩሳቱ፣ ቀጥሎ ውጋቱ ለቀቀኝ፤ ጉልበቴ ሲመለስም በበቅሎ ወደ ፍል ውሃ ወርጄ ሰውነቴ እስኪፍታታ ታጠብሁ። በዳግማይ ትንሣኤ ከጓደኞቼ መካከል ቆሜ አፌን ከፈትሁ። ድምፄ መጣ። ጎርነን፣ ዝቅ ብሏል፤ ግን የኔው ነው።

ከቆላ ወደዚህ ጋራ የምትመጡ ሁሉ፣ እንጦጦን አትፍሩት፤ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ለለመደው ይስማማል። ጥሙ እስኪመጣ ግን አትጠብቁ፣ በዚህ ብርድ አይመጣም። ሕመም ከያዛችሁም የንስሐ አባታችሁን ሳታማክሩ በጾም አትጀግኑ።

ሐኪሙን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወለተ ማርያምን ያኑርልኝ። አባን ደግሞ፣ በሐምሌ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ሰው ሁሉ ሲበላ፣ እሳቸው ሳይቀምሱ ሲውሉ አየኋቸው። ገባኝ። «አባ፣ አሁን እኮ ድኛለሁ፤ እኔው ልጹመው» አልኋቸው።

«አንተ ዘምር» አሉኝ።

እየዘመርሁ ነው።