የደም መጽሐፍ አንባቢዋ ዶሮ ለቀቀች

ዶሮውን ላርድ ቢላዋ ሳነሣ፣ እግሩን የያዘችው እህቴ ለቀቀችው።

ይቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደም የማይፈስበት ልብ ወለድ አታነብም። ዓለም ካልጠፋ፣ ሰው ሰውን ካልበላ እንቅልፏ ይመጣል።

ዛሬ የክርስትና እናቷ ከሉማሜ ለምሳ ሊመጡላት ነው። አባባ ስለሌለ አራጁ እኔ ሆንኩ።

ገና እግሩን እንደያዘች «ዓይኔን ልጨፍን?» ብላኝ ነበር።

«ካስፈራሽ ገጹን ዝለዪው» አልኳት።

ስትለቀው ዶሮው አጥር ዘሎ ሄደ፣ እሷም ጓዳ ገብታ ዘጋች። እማዬ ከጠዋት ጀምራ ያቁላላችው ሽንኩርት እንቁላል ብቻ ገብቶበት ቀረበ።

«ዶሮውሳ?» አሉ እንግዳዋ።

«የክርስትና ልጅዎ ማረችው፣ እትዬ» አልኳቸው።

እማዬ በእፍረት አንገቷን ደፋች። ጀግናዋ ከጓዳ ሆና ምን ብትል ጥሩ ነው? «ቀስ ብላችሁ አውሩ፣ እያነበብኩ ነው።»

እናንተ ቤትስ በወረቀት ላይ ብቻ የሚደፍር አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻችንን አንዋረድ።